ካርታው ላይ የጠፉት መታጠፊያዎች፦ የጂፒኤስ መዝጋቢ ስሠራ ያየሁት

መንገዱ ኮረብታውን እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ሦስት መታጠፊያ እንዳለው እግሬ በደንብ ያውቃል፤ በብስክሌት ስወጣው ትንፋሼ የሚቆራረጠው እዚያ ነው። ማታ ገብቼ የተመዘገበውን ፋይል ካርታ ላይ ሳሰፍረው ግን ሦስቱም መታጠፊያዎች የሉም። መስመሩ ከኮረብታው ግርጌ ተነስቶ በገደሉ በኩል ቀጥ ብሎ አናቱ ላይ ወጥቷል። ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ነጥቦች ግን በየሰከንዱ ተደርድረው እንከን አይወጣላቸውም።

ሳተላይት ጠፍቶብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ኮረብታው ከልሎት ይሆናል፣ ዛፉ ሸፍኖት ይሆናል እያልኩ ሁለት ሳምንት ያህል አንቴናውን ስገለብጥና ቦታ ስቀይር ከረምኩ። ችግሩ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን እዚያ እስክደርስ ያለፍኩባቸውን ልንገራችሁ፤ በማይክሮኮንትሮለር (አንድ ቺፕ ላይ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር) እና በጂፒኤስ አንድ ነገር ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው ቢያንስ ግማሾቹን ማግኘቱ አይቀርም።

ልሠራ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነው፦ ስልክ ሳልይዝ የብስክሌት ጉዞዬን በየሰከንዱ የሚመዘግብ፣ ፍጥነትና ርቀት በትንሽ ስክሪን የሚያሳይ ሳጥን። ዕቃዎቹም ጀማሪ ሁሉ የሚጀምርባቸው ናቸው፤ አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ፣ ኔኦ 6ኤም የተባለው የጂፒኤስ ሞጁል፣ የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማንበቢያ፣ 128 በ64 ነጥብ ያለው ኦሌድ ስክሪን። ሽቦውን ገጣጥሞ ናሙና ኮድ መጫን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚታመን ነገር ማድረግ ግን ወራት ወሰደ።

መጀመሪያ ያጋጠመኝ ዝምታ ነው። ሁሉን አገናኝቼ ጠረጴዛዬ ላይ ሳበራው ስክሪኑ ላይ ዜሮ ብቻ። ሞጁሉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራትም አልበራችም። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ሽቦ ነቅዬ ሰካሁ፣ ሌላ ኮድ ጫንኩ። ምንም የለም። በመጨረሻ በረንዳ ላይ ይዤው ወጣሁና አስቀምጬው ሌላ ሥራ ያዝኩ። ተመልሼ ሳይ መብራቷ በየሰከንዱ ብልጭ ትላለች።

ምክንያቱን ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ ያን ሁሉ ሽቦ አልነቅልም ነበር። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። መሬት ሲደርስ ምልክታቸው አንድ ዋት ለአሥር ሺህ ትሪሊዮን እንደተከፈለ ያህል ደካማ ነው፤ ኮንክሪትና ቆርቆሮ በቀላሉ ያስቀሩታል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሳተላይት መረጃውን የሚልከው በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው። ተቀባዩ የሳተላይቱን ትክክለኛ የምሕዋር መረጃ ሳይቋረጥ አንብቦ መጨረስ አለበት፤ ይህ መረጃ የሚደገመው በየ30 ሰከንዱ ነው። መሃል ላይ ምልክቱ ከተቋረጠ የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ግድ ይላል። ቦታን ከነከፍታው ለማስላት ደግሞ ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ሞጁል ስትሞክሩ ሰማይ በሰፊው የሚታይበት ቦታ አስቀምጡትና አትንኩት። ይዛችሁ አትዙሩ። ክፍት ቦታ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ሰማዩ በከፊል ከተሸፈነ ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

ከዚያ ወዲያ መሣሪያውን ባበራሁ ቁጥር እንዲህ መጠበቅ ያለብኝ መስሎኝ ነበር። ሞጁሉ ላይ ያለችው ትንሽዬ ተሞይ ባትሪ ለዚህ ነው የተቀመጠችው፤ ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱንና የሳተላይቶቹን መረጃ ይዛ ትቆያለች። ከአጭር ጊዜ በኋላ መልሳችሁ ስታበሩት በጥቂት ሰከንድ ቦታውን ያገኛል። ባትሪዋ ባዶ ከሆነች ግን ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። አዲስ የተገዛ ሞጁል ብዙውን ጊዜ ባዶዋን ይዞ ስለሚመጣ የመጀመሪያ ቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት አብርቶ መተው አይጎዳም።

አሁን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝን ልምድ ልንገራችሁ። ማንኛውንም ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ከመጫናችሁ በፊት ከሞጁሉ የሚመጣውን ጥሬ ጽሑፍ ሲሪያል ሞኒተር በሚባለው የኮምፒውተር መስኮት ላይ አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት። ሞጁሉ የሚናገረው ኤንኤምኢኤ በሚባል ስምምነት ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በዶላር ምልክት ይጀምራል፣ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ መስኮች አሉት፣ በኮከብ ምልክትና ቼክሰም በሚባል ባለሁለት አሃዝ የስህተት መፈተሻ ያልቃል፤ ርዝመቱም ከ82 ፊደል አይበልጥም። ጂጂኤ የሚባለው ቦታን፣ ከፍታንና የሳተላይት ብዛትን ይይዛል። አርኤምሲ ደግሞ ቦታን፣ ፍጥነትን፣ ቀንን ይይዛል። ጂኤስቪ የትኛው ሳተላይት በምን ያህል ጥንካሬ እንደሚሰማ ይዘረዝራል። ቦታው ገና ያልተገኘ ከሆነ መስኮቹ ባዶ ሆነው ነጠላ ሰረዞቹ ብቻ ተደርድረው ይመጣሉ። ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ሽቦው ትክክል ነው፣ ሞጁሉ በሕይወት አለ፣ የጎደለው ሰማይ ብቻ ነው ማለት ነው። የተዘበራረቀ ምልክት ከመጣ የመላኪያ ፍጥነቱ ቁጥር አልተጣጣመም፤ ኔኦ 6ኤም ከፋብሪካ ሲወጣ በሰከንድ 9600 ቢት ላይ ነው። ጭራሽ ምንም ካልመጣ ቲኤክስና አርኤክስ (የመላኪያውና የመቀበያው መስመር) ተቀያይረዋል ወይም ግራውንዶቹ አልተገናኙም። የሞጁሉ ቲኤክስ ከቦርዱ አርኤክስ ጋር ነው የሚገናኘው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚሰማ መሆን አለበት።

ስለ ቮልቴጅ አንድ ነገር። ኡኖ በ5 ቮልት ይሠራል፣ የጂፒኤሱ ቺፕ ደግሞ በ3.3። ከጂፒኤሱ ወደ ኡኖ የሚሄደው መስመር ችግር የለበትም። ከኡኖ ወደ ጂፒኤሱ የሚሄደውን ግን በሁለት ሬዚስተር ማውረድ ያስፈልጋል፤ ከኡኖው በኩል 1 ኪሎ ኦም፣ ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦም፣ ከመሃላቸው የሚወጣው 3.3 ቮልት ገደማ ነው። ኤስዲ ካርዱም የ3.3 ቮልት ዕቃ ነው። አንዳንዱ ማንበቢያ የራሱ ማስተካከያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሰሌዳው ላይ ቺፕ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።

ሁለተኛውን ስህተቴንም ያወጣልኝ ጥሬውን ጽሑፍ ማየቴ ነው። ላይብረሪ ሳልጠቀም ራሴ ልተርጉመው ብዬ ኮድ ጻፍኩ። ለ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ ካርታው 6 ኪሎ ሜትር ብቻ አሳየኝ። የመንገዱ ቅርጽ ትክክል ነው፣ መታጠፊያው ትክክል ነው፣ ግን ሁሉ ነገር አንሷል፤ ቦታውም ከትክክለኛው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤንኤምኢኤ ኬክሮስን ሲጽፍ ዲግሪንና ደቂቃን አጣብቆ ነው። 4530.0000 ማለት 45 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 45.5 ይሆናል። እኔ ግን ቁጥሩን ለ100 አካፍዬ 45.3 ብዬ ነበር የያዝኩት። የ0.2 ዲግሪ ልዩነት በኬክሮስ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጠኑ ያነሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ ደቂቃ የዲግሪ ስልሳኛ መሆኑ ቀርቶ መቶኛ ሆኖ ስለተቆጠረ ጉዞዬ በሙሉ ወደ 60 በመቶ ተኮማተረ። የናንተም መስመር ቅርጹን ይዞ በዚህ መጠን ካነሰ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ለዩ፣ የቀረውን ለ60 አካፍሉ፣ ደምሩ። ኬንትሮስ ላይ ግን የዲግሪው አሃዞች ሦስት ናቸው፤ እሱንም ረስቼው ያውቃል። ከምድር ወገብ በስተደቡብና ከግሪኒች በስተምዕራብ ያሉ ቦታዎች ደግሞ የአቅጣጫው ፊደል ታይቶ ተቀናሽ ምልክት ይደረግባቸዋል።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ መስመሩ ቦታው ላይ ገባ፤ በቅርበት ሲታይ ግን ደረጃ ይመስላል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነጥቦቹ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይዘላሉ። ይሄኛው የቁጥር አያያዝ ችግር ነው። ኡኖ ላይ ፍሎት፣ ማለትም ነጥብ ያለው ቁጥር የሚያዝበት ዓይነት፣ 32 ቢት ነው፣ ደብል ብላችሁ ብትጽፉም ያው 32 ቢት ነው። ስድስት ወይም ሰባት አሃዝ ያህል ነው በትክክል የሚይዘው። 10345.1234 የሚለውን ቁጥር እንዳለ ፍሎት ውስጥ ብትከቱት የመጨረሻዎቹ አሃዞች ተጠጋግተው ይጠፋሉ፤ መሬት ላይ ሲቆጠር እስከ 1.8 ሜትር የሚደርስ እርምጃ ይሆናል። ለአንድ ነጥብ ብቻ ቢሆን የጂፒኤሱ የራሱ ስህተት ከዚያ ስለሚበልጥ ግድ አይሰጥም። እኔ ግን ከሰከንድ ወደ ሰከንድ ያለውን ልዩነት ነበር የማሰላው፤ በሰከንድ አምስት ሜትር ለሚሄድ ብስክሌት 1.8 ሜትር ብዙ ነው። መፍትሔው ፍሎትን ትቶ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። ዲግሪውን በ10 ሚሊዮን አባዝቶ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ 180 ዲግሪ እንኳ ሞልቶ አይፈስም፣ አንዱ እርምጃም 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

የርቀቱ ቀመርም እዚህ ውስጥ አለ። በትምህርት ቤት ሂሳብ የማውቀውን በኮሳይን የሚሠራውን የሉል ርቀት ቀመር ስጠቀም የርቀት መቁጠሪያዬ ዜሮ ላይ ቆመ። ሁለት ነጥቦች በጣም ሲቀራረቡ ኮሳይኑ ከ1 የሚያንሰው እጅግ በጣም በትንሹ ነው፤ ፍሎት ያችን ትንሽ ልዩነት መያዝ አይችልምና 1 ብሎ ያጠጋጋታል። በፍሎት ይህ ቀመር ሁለት ኪሎ ሜትር አካባቢ ለማይሞላ ርቀት ዋጋ የለውም። ለቅርብ ነጥቦች የኬክሮሱን ልዩነት በዲግሪ 111,195 ሜትር አድርጎ፣ የኬንትሮሱን ልዩነት ደግሞ በኬክሮሱ ኮሳይን አባዝቶ በፓይታጎረስ መደመር ይበቃል። ፍጥነትን ግን ከነጥቦች ርቀት አታውጡ። አርኤምሲ ውስጥ የተዘጋጀ ፍጥነት አለ፤ ተቀባዩ ከምልክቱ የድግግሞሽ ለውጥ ስለሚያሰላው ከነጥብ ልዩነት እጅግ የተረጋጋ ነው። የተጻፈው በኖት (በመርከብ ፍጥነት መለኪያ) ስለሆነ በ1.852 ስታባዙት በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አሁን ወደ መታጠፊያዎቹ።

አንቴናውን መቀያየር ምንም ካልለወጠ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሳተላይት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ሞጁሉ ባዶ መስክ ያላቸውን ዓረፍተ ነገሮች ይልክ ነበር፤ ኮዴም «ቦታ የለም» ብሎ መጻፍ ነበረበት። ፋይሉ ውስጥ ግን እንዲህ የሚል መስመር አንድም የለም። ሰከንዶቹ ራሳቸው ነበሩ የጠፉት። ስለዚህ ጥያቄው ሳተላይቱ የት ሄደ ከሚለው ወጥቶ የተላኩት ፊደላት የት ቀሩ ወደሚል ተለወጠ።

ሁለት መቁጠሪያ ኮዱ ውስጥ ጨመርኩ። አንደኛው ቼክሰማቸው ያልተስተካከለ ዓረፍተ ነገሮችን ይቆጥራል። ቼክሰሙ ቀላል ነገር ነው፦ በዶላር ምልክትና በኮከብ ምልክት መካከል ያሉት ፊደላት በሙሉ ኤክስኦር በሚባለው የቢት ስሌት ተጣምረው ከኮከቡ በኋላ ከተጻፈው ጋር መመሳሰል አለባቸው። ሁለተኛው መቁጠሪያ ካርዱ ላይ መጻፍ የፈጀውን ረጅሙን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይይዛል። ቤት ሳልወጣ፣ በረንዳ ላይ፣ ሳጥኑ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰዓት አስቀመጥኩት። የተበላሹ ዓረፍተ ነገሮች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። ረጅሙ የመጻፊያ ጊዜ ደግሞ 140 ሚሊሰከንድ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። በ9600 ፍጥነት በሰከንድ 960 ፊደል ይመጣል፤ አንዱ ፊደል አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ኡኖ ላይ የሚመጡትን ፊደላት ጊዜያዊ ማቆያ የሆነው በፈር የሚይዘው 64 ባይት ነው። ስለዚህ ኮዱ ሌላ ሥራ ይዞ ከ67 ሚሊሰከንድ በላይ ማቆያውን ሳያነብ ከቆየ ማቆያው ሞልቶ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ይጣላል። ካርዱ 140 ሚሊሰከንድ ሲወስድ ከ70 በላይ ፊደል ይጠፋል፤ ያ ማለት የአንድ ዓረፍተ ነገር አብዛኛው አካል ነው። የቀረው ጎዶሎ ጽሑፍ ቼክሰሙ ስለማይገጥም ኮዴ በትክክል ጥሎታል። ጎዶሎውን በስህተት ቢቀበል ኖሮ መስመሬ ባሕር መሃል ይገባ ነበር፤ ቼክሰም የማይመረምር ኮድ አትጠቀሙ የምለው ለዚህ ነው።

ካርዱ ለምን ይዘገያል? ኤስዲ ካርድ የሚጽፈው በ512 ባይት ቁራጭ ነው፤ ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ደግሞ አንዳንዴ አሮጌ ክፍሎችን ማጥፋትና ማዛወር ስለሚኖርበት በየመሃሉ ለአፍታ ይቆማል። እኔ ደግሞ በየሰከንዱ ፋይሉን እከፍት፣ አንድ መስመር እጽፍ፣ እዘጋ ነበር። ይህን ያደረግኩት መረጃ እንዳይጠፋብኝ ተጠንቅቄ ነው። እያንዳንዱ መዝጋት ግን የጻፍኩትን ብቻ ሳይሆን የፋይሉን መጠን የሚይዘውን ማውጫ ጭምር ያስጽፋል። ኮረብታው ላይ ለምን በተለይ እንደባሰ በእርግጠኝነት ያወቅኩት ፋይሉን ደግሜ ሳይ ነው፦ ጉዞው እዚያ ሲደርስ ካርዱ ብዙ ጊዜ የቆመባቸው ሰከንዶች ተከታትለው መጥተዋል፤ ሌላ ቀንም በሌላ ቦታ ተመሳሳይ ክፍተት ነበር፣ ግን መንገዱ ቀጥ ያለ ስለነበር ካርታው ላይ አይታይም። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አሥር ነጥብ ቢጠፋ መስመሩ ያው መስመር ነው።

ማስተካከያው ሦስት ነገር ሆነ። ፋይሉን አንዴ ከፍቼ ክፍት ተውኩት፤ ወደ ካርዱ በግድ የማስገባው በየ30 ሰከንዱ ብቻ ነው። ኃይል በድንገት ቢቋረጥ የማጣው ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ነው፣ ለእኔ ይህ ተቀባይነት አለው። ቀጥሎ ሞጁሉ የማልፈልጋቸውን ዓረፍተ ነገሮች እንዳይልክ አዘዝኩት። ከፋብሪካ ሲወጣ በየሰከንዱ ስድስት ዓይነት ይልካል፣ ግማሹን ሰከንድ ያህል ሲያወራ ይቆያል። ጂጂኤንና አርኤምሲን ብቻ ሳስቀር ንግግሩ ወደ 150 ሚሊሰከንድ ወረደ፤ የቀረው 850 ሚሊሰከንድ ጸጥታ ነው። ይህ ትእዛዝ ኃይል ሲጠፋ ሊረሳ ስለሚችል መሣሪያው በተነሳ ቁጥር እንዲላክ አድርጌዋለሁ። ሦስተኛው ወሳኙ ነው፦ ካርዱ ላይ የምጽፈው የሰከንዱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እንደገባ ወዲያው፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ካርዱ 140 ቢወስድ 200 ቢወስድ የሚጠፋ ፊደል የለም፤ የሚናገር የለምና።

ያንኑ የአንድ ሰዓት ሙከራ ደገምኩ። የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ዜሮ። በማግስቱ ኮረብታውን ወጣሁ፤ ሦስቱም መታጠፊያዎች በቦታቸው ነበሩ። ደስታዬን ለመግለጽ ቃል የለኝም፤ ያን ምሽት ካርታውን ስንት ጊዜ እንዳጎላሁትና እንዳሳነስኩት አላስታውስም።

የሜሞሪውን ነገር ባጭሩ። ኡኖ 2,048 ባይት ራም (ኮዱ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ብቻ ነው ያለው። የኤስዲ ላይብረሪው 512 ባይት ለራሱ ይይዛል፤ የኦሌዱ የሥዕል ላይብረሪ ሙሉ ስክሪኑን ራም ላይ ስለሚያስቀምጥ 1,024 ባይት ይወስዳል። ሲደመር ሦስት አራተኛው አለቀ። ምልክቱ ግራ የሚያጋባ ነው፦ ስክሪኑ አንዳንዴ አይነሳም፣ መሣሪያው ያለ ምክንያት ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ አንድ የማተሚያ መስመር ስትጨምሩ ይበላሻል፣ ስታነሱት ይስተካከላል። እንዲህ ያለ ባሕሪ ካያችሁ በቅድሚያ ራምን ጠርጥሩ። እኔ ስክሪኑን ጽሑፍ ብቻ በቀጥታ በሚጽፍ ላይብረሪ ተካሁት፤ ቋሚ ጽሑፎችን በሙሉ ኤፍ በሚባለው የኮድ ትእዛዝ ፍላሽ (ኮዱ ራሱ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) ላይ አስቀረኋቸው።

ኃይሉ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። በአራት ማዕዘኑ የ9 ቮልት ባትሪ ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት እንኳ አልቆየም። ኡኖ ላይ ያለው የቮልቴጅ ተቆጣጣሪ ከ9 ወደ 5 ቮልት ሲያወርድ ልዩነቱን በሙቀት ነው የሚያጠፋው፣ ከኃይሉ 44 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በዚያ ላይ ካርዱ ሲጽፍ በቅጽበት ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ የደከመ ባትሪ ያን ጊዜ ቮልቴጁ ይወርድና ሁሉ ነገር ዳግም ይነሳል። ከካርዱ ማንበቢያ ኃይል መግቢያ ላይ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሳስገባ ያ ነገር ቆመ። ባትሪውን በዩኤስቢ ፓወር ባንክ ቀየርኩት። ሁሉም ፓወር ባንክ ግን አይሆንም፤ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ሲሆን ስልክ ተነቅሏል ብሎ የሚጠፋ አለ። ሊቲየም ሴል በቀጥታ ለመጠቀም የምታስቡ ከሆነ መከላከያ ሰርኪዩት ያለው ይሁን፤ ሴሉ ላይ ራሱ ካውያ አታሳርፉ።

ብሬድቦርድ፣ ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ለጠረጴዛ ነው። ብስክሌት ላይ በየጉድጓዱ ይንቀጠቀጣል፣ ጃምፐሮቹም ይላላሉ፤ የተቋረጠ ሽቦ ደግሞ ከኮድ ስህተት ለመለየት ከሁሉ የከፋ ነው፣ ቤት ስትገቡ ይሠራልና። ኮዱ እንደተረጋጋ ሁሉን ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ላይ በየድኩት፤ የሽቦዎቹን መውጫም እንዳይሰበር በሙቅ ሙጫ ያዝኩት። አንቴናዋ፣ ያቺ አራት ማዕዘን ሴራሚክ፣ ፊቷ ወደ ሰማይ መሆን አለበት። መጀመሪያ ለመልክ ብዬ በጎኗ አቁሜያት ነበር፣ የሚሰሙት ሳተላይቶች ከአሥር ወደ አምስት ወርደው ነበር። ከስክሪኑና ከካርዱ ጥቂት ሴንቲሜትር ማራቅም ይረዳል፤ በብረት ሳጥን ውስጥ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይሆንም።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ርቀቱ ይቆጥራል። ቆሞ የነበረ ብስክሌት በምሳ ሰዓት ግማሽ ኪሎ ሜትር ሄዶ አየሁት። የጂፒኤስ ነጥብ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ሁልጊዜ ይዋዥቃል፤ በየሰከንዱ ያለውን መዋዠቅ ብትደምሩት ርቀት ይሆናል። እኔ ፍጥነቱ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን፣ ወይም ኤችዶፕ የሚባለው የሳተላይቶችን አቀማመጥ የሚገልጸው ቁጥር ከ3 ሲበልጥ ርቀት አልደምርም። ብስክሌት እየገፋሁ በዝግታ የሄድኩትን ትንሽ ያስቀራል፣ ግን ከሐሰተኛው ርቀት ይሻላል።

በኋላ የመጀመሪያው ሞጁል በሌላ ተተካ፤ ኔኦ ኤም8ኤን ነው። አስገባሁት፣ ጥሬው ጽሑፍ በደንብ ይመጣል፣ ኮዴ ግን ምንም አያይም። ምክንያቱ የዓረፍተ ነገሩ ስም መለወጡ ነው። የቀድሞው በጂፒ ይጀምር ነበር፤ አዲሱ ከጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ ጭምር ስለሚሰማ በጂኤን ይጀምራል። ኮዴ ደግሞ ስሙን ሙሉ ለሙሉ ነበር የሚያነጻጽረው። ሦስቱን የመጨረሻ ፊደላት ብቻ ማየት ይበቃል። እናንተ ከመጀመሪያው ታይኒጂፒኤስ ፕላስ ፕላስ የተባለውን ላይብረሪ ብትጠቀሙ የደቂቃውንና የቼክሰሙን ጣጣ ይወስድላችኋል፤ በፈሩ ሞልቶ የሚጠፋውን ግን እሱም አያድነውም፣ እሱን ማስተካከል የናንተ ነው።

ዛሬ ከባዶ ብጀምር ኢኤስፒ32 የተባለውን ማይክሮኮንትሮለር እወስድ ነበር። ሦስት የሲሪያል መስመር ስላለው አንዱን ለጂፒኤሱ ብቻ መስጠት ይቻላል፣ በ3.3 ቮልት ስለሚሠራ ሬዚስተር አያስፈልግም፣ ራሙ 520 ኪሎባይት ነው፣ የማቆያውንም መጠን በአንድ መስመር ኮድ ማስፋት ይቻላል። ጉዳቱ ዋይፋዩ ሲበራ ኤሌክትሪክ በብዛት መሳቡ ነው፤ ጉዞ ላይ አጥፉት። ቢሆንም ኡኖ ላይ በመጀመሬ አልቆጭም፣ ጠባብ ቦታ ላይ እያንዳንዱ ባይትና እያንዳንዱ ሚሊሰከንድ የት እንደሚሄድ ማየት ነበረብኝ።

ፋይላችሁን ለሌሎች ከማካፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የመስመሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ነጥብ የቤታችሁ በር ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ ከቤት የማትኖሩበትን ጊዜ ይናገራል። እኔ ከቤቴ 500 ሜትር ክብ ውስጥ ያሉ ነጥቦችን ካርዱ ላይ ጭራሽ እንዳይጻፉ ኮዱ ውስጥ አስገብቻለሁ። የክቡ መሃል ቤቱ ራሱ ከሆነ ግን ብዙ ጉዞ ያየ ሰው መሃሉን ማስላት ይችላል፤ ስለዚህ መሃሉን ከቤቱ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት።